ለፎቶ የተቀመጡ መብራቶች

ደሴ ውስጥ አንድ ሰው አለ፤ መብራት ይሠራል። ምን ዓይነት መብራት ብትሉኝ፣ ያልሠራውን ብትጠይቁኝ ይቀላል! ከቲማቲም ድልህ ጣሳ ኩራዝ ይሠራል። ቅል ፈልፍሎ፣ ዙሪያውን በወስፌ ወጋግቶ፣ ውስጡ አምፖል ይሰቅልበታል። ከቀርከሃ ይሠራል፣ ከበሬ ቀንድ ይሠራል፣ ከሸክላ ይሠራል። አሮጌ ፋኖስ ካገኘም መስታወቱን ለውጦ አዲስ ያደርገዋል። እጁ ይባረክ፣ ጥበበኛ ነው።

ታዲያ የሚሸጠው በስልኩ ፎቶ እያነሳ፣ ለሰው እየላከ ነው። መጀመሪያ መብራቶቹን አብርቶ አነሳቸው። ፎቶውን ሲያየው ግራ ገባው። ነጭ ነገር ቦግ ብሏል እንጂ ቅሉ የት አለ? ያ ሁሉ የለፋበት ጥለት የት ገባ? አጥፍቶ አነሳ። እሰይ! ጥለቱም ቀለሙም ቁልጭ ብሎ ወጣ። ግን ልጆቼ፣ የጠፋ መብራት ምኑ መብራት ነው? አበራ፣ አጠፋ። እንደገና አበራ፣ አጠፋ። በኋላ ገዢው ሁሉ የጠፋውን ሲወድለት፣ "በቃ!" አለና ማብራቱን እርግፍ አድርጎ ተወው። ደግሞ ኩራዝና ፋኖስ አንዴ ከበራ ጥላሸት ይለብሳል፤ ጥላሸት የለበሰ ዕቃ ማን ይገዛል?

ሰውየው የሚኖረው ከእናቱ ጋር ነው። እትዬ ውዴ ይባላሉ። ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶባቸዋል፤ ቀን ቀን እንደምንም ያያሉ፣ መሸት ሲል ግን ጨርሶ አይሆንላቸውም።

"የእኔ ልጅ፣ እስቲ ከነዚህ አንዱን አብራልኝ" ይሉታል።

"እማዬ፣ እሱን ነገ ፎቶ ላነሳው ነው።"

"ያኛውንስ?"

"ያኛው ተሽጧል። ሰውየው እንደ ፎቶው ንጹሕ ሆኖ ነው የሚፈልገው። ትንሽ ታገሺኝ።"

"ይሁን እንግዲህ" ይላሉ፤ ግድግዳውን እየዳበሱ ወደ መደባቸው ይሄዳሉ።

አንድ ቀን አመሻሽ ላይ መብራት ሄደ። የሰፈራችንን መብራት መቼም ታውቁታላችሁ! ልጁ ግቢ ውስጥ ነው፤ የቀረችው ብርሃን ሳታመልጠው አንድ የቀንድ መብራት ፎቶ ሊያነሳ ተንበርክኳል። እናት "ልጄን ብርድ ይመታብኛል" ብለው ጋቢ ሊያቀብሉት ተነሱ። በዚያ ሁሉ ፋኖስ መሃል፣ በዚያ ሁሉ ኩራዝ መሃል፣ በእጃቸው እየዳበሱ። ጠረጴዛውን ይዤ እሄዳለሁ ሲሉ ሳቱት። ወደቁ። መብራቶቹም አብረዋቸው ወደቁ።

ልጁ ሮጦ ገባ፤ ቤቱ ውስጥ ጨልሟል። ምን ያብራ? ፋኖሱ ጋዝ የለውም። ኩራዙ ክር የለውም። ቅሉ ኤሌክትሪክ ይፈልጋል። ስልኩ ፎቶ ሲያነሳበት ውሎ እጁ ላይ ጠፋበት። "ክብሪት! ክብሪት የት ነው?" እያለ ይጮኻል። በመብራት ሠሪ ቤት ክብሪት ጠፋ! ጎረቤቱ ወይዘሮ ዘርፌ ጩኸቱን ሰምተው ሻማ ይዘው ደረሱለት። "ኧረ አንተ ሰውዬ፣ ምን ያዞርሃል? እናትህ እዚህ ናቸው!" አሉት።

ዳሌያቸው ተሰብሮ ሆስፒታል ገቡ። እኔም ልጠይቃቸው ሄድኩ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ልጁን ልገስጸው ቆርጬ ነበር። አፌን ልከፍት ስል እትዬ ውዴ እጄን ለቀም አደረጉኝ።

"አባቴ፣ ልጄን እንዳይቆጡብኝ! መብራት የሚሸጠው እኮ የእኔን ዓይን ሊያሳክም ነው።"

ክፉ ልጅ ነው እንዳልል፣ አይደለም። እናቱን አይወድም እንዳልል፣ ይወዳቸዋል እንጂ! ታዲያ እንዴት ወደቁ? ለዓይናቸው በሚለፋ ልጅ ቤት፣ መብራት በሞላበት ቤት፣ ሴትዮዋ በጨለማ እንዴት ወደቁ? ልጁም ጥግ ላይ ተቀምጦ ያለቅሳል። "አባ፣ ለእሷ ብዬ ነበር እኮ" ይለኛል። "ለእሷ ብዬ ነበር።" ምን ብዬ ላጽናናው? ምን ብዬስ ልቆጣው? እስከ ዛሬ ግራ እንደገባኝ ነው።

እናንተስ ልጆቼ፣ ይህችን ቃል አታውቋትም? "ለልጆቼ ብዬ ነው" አትሉም? አንተ ሱቅ ውለህ ሱቅ ታመሻለህ፤ ለማን? ለልጅህ። ልጅህ ግን ስትገባ እንግዳ የመጣ መስሎት እናቱ ቀሚስ ሥር ይገባል። አንቺ ደግሞ "ቤቱን አድሼ ልጨርስና አባቴን አመጣዋለሁ" ትያለሽ። ቤቱ ታድሶ አያልቅም፤ አባትሽ እዚያው ብቻቸውን ራታቸውን ይበላሉ።

ፍቅር የላችሁም አላልኩም! አላችሁ። ግን ለነገ አስቀመጣችሁት። እንዳይቆሽሽ፣ እንዳይጎድል፣ ሳያምር እንዳይታይ። ኧረ ጥላሸት ይልበስ! ለዚህ አይደለም እንዴ የተሠራው?

እኔ ሌላ ፍቺ የለኝም። ለማን እንደምትለፉ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። እንግዲህ ዛሬ ቤታችሁ ስትገቡ ያንን ሰው "አሁን ምን ጎደለህ?" ብላችሁ ጠይቁት። ነግሯችሁ እስኪጨርስ ድረስም፣ አደራ፣ ከአጠገቡ አትነሱ።