የዙሪ ተረተር

በአንጓ በር ሰው ሲሞት፣ ለቀስተኛ ወደ ሐዘን ቤት ሲገባ ኩታውን ወይም ነጠላውን በዓይኑ ላይ ዝቅ ያደርጋል፤ እስከ ሰልስቱም የሐዘንተኛውን ፊት ቀና ብሎ አያይም። ሐዘንተኛው ቢያለቅስ፣ ቢተኛ፣ ከመንደሩ በላይ «ዙሪ» በሚባለው ተረተር ላይ ሲመላለስ ቢውል «ለምን?» የሚለው የለም። የዚህን ሥርዓት አመጣጥ አባቶች እንዲህ ይናገራሉ።

ዱሮ በዚያ አገር አንዳርጌ የሚባል ገበሬ ነበረ ይባላል። በክረምት ወንዝ ሲሻገር ደራሽ ውሃ ወሰደው፤ ሬሳውም በማግስቱ አሸዋ ላይ ተገኘ። ሴቶቹ ፊታቸውን ሲነጩ፣ አልቃሿ ሙሾ ስታወርድ፣ ሚስቱ ትርንጎ ግን እንባ አልወጣትም። መቀመጥም አቃታት። ተነሥታ ወጣችና ተረተሩን ከጫፍ እስከ ጫፍ ሄደች፤ ተመለሰች፤ ደግሞ ሄደች። ሦስት ቀን እንዲሁ ሆነች።

በሰልስቱ የሟች ታላቅ ወንድም ሽበሺ፣ ቃሉ የሚሰማ ሽማግሌ፣ በሕዝብ ፊት ጠራት።

«ወንድሜን አፈር ሲበላው አንቺ ሜዳ ለሜዳ ትዞሪያለሽ? እንባሽ የት አለ?»

«ጋሼ፣ እኔም አጣሁት። ስቀመጥ ያንቀኛል።»

«ያልወደደች ዓይን ደረቅ ናት። ዙሪ እንግዲህ! ስትዞሪ ኑሪ!» ብሎ ከባሏ ርስት አስወጣት። አንድም ሰው «ተው» አላለውም። ትርንጎ ከተረተሩ ማዶ ዘመዷ ቤት ተጠጋች።

እንደሚነገረው፣ በሁለተኛው ዓመት የሽበሺ አንዲት ልጁ የሻረግ በወሊድ ሞተች። ሽበሺ ሬሳዋ ፊት ቆሞ ሊያለቅስ አፉን ቢከፍት የወጣው ሳቅ ሆነ። በጋቢው ቢያፍነውም እምቢ አለው። ለቀስተኛው እርስ በርሱ ተያየ፤ ከዚያም ሁሉም ወደ እሱ አየ። ያን አስተያየት ሽበሺ ያውቀዋል፤ እሱ ራሱ ትርንጎን ያየበት ነበር። ሮጦ ወጣና ተረተሩ ላይ ወዲያና ወዲህ ይል ጀመር።

ትርንጎ ከማዶ አየችው። ወጥታ ከጎኑ መራመድ ጀመረች፤ ፊቱን ግን አላየችም።

«እየሳቅሁ ነው እኮ፣ ትርንጎ።»

«እሰማለሁ፣ ጋሼ። አይቁሙ፤ ይራመዱ።»

ሽበሺ በሰልስቱ ርስቷን መለሰላት፤ በሐዘንተኛ ፊት ላይ ማንም ዓይኑን እንዳይጥልም ሕዝቡን አስማለ። እሱ ራሱ እንባ እስኪወጣው ሰባት ዓመት ቆየ፣ አጨዳ ላይ ሳለ ድንገት መጣለት የሚሉ አሉ፤ ጭራሽ አልመጣለትም የሚሉም አሉ።

ዛሬ በዙሪ ላይ ሣር የማይበቅልበት ቀጭን መንገድ አለ። ሰው በሞተ ሰሞን ይሰፋል።