ሁሉም የሚባል አውሬ

አንድ የማንጎ ገበሬ ነበር፤ ደርበው ይሉታል። በዚያ ዓመት ዝናቡ ቶሎ ስላቋረጠ ማሽላው ሳያፈራ ደረቀና የቤቱ የዓመት ቀለብ ወንዝ ዳር ባሉት ማንጎዎች ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ። ማንጎውን ከእሱ እኩል የሚጠብቁ ጦጣዎችም ነበሩ። እስከዚያ ጊዜ ድረስ ጦጣዎቹን የሚያባርራቸው የሚስቱ የአንጓች ወንጭፍ ነው። ማማው ላይ ወጥታ ድንጋይ ስታስወነጭፍ ትውልና ክንዷን እያሸች ትገባለች።

ደርበው ሚስቱን ከዚህ ድካም ላሳርፍ ብሎ የአየር ጠመንጃ ሊገዛ ወደ ከተማ ሄደ። ከቤት ሲወጣ ሐሳቡ አንድ ነበር፤ ጦጣ። ወንዙን ሲሻገር ግን ጎተራውን የሚቦረቡሩት አይጦች ትዝ አሉት። ዳገቱ ላይ ቆቅ ከፊቱ ብርር ስትል እሷንም ጨመረ። ከተማው መግቢያ ሲደርስ ደግሞ በየዓመቱ በንግሥ ማግስት ጎረምሶች ቆርቆሮ አቁመው የሚወዳደሩበት ኢላማ ታየው።

ሻጩ ጋሽ ሙዘይን በዚህ ንግድ ያረጁ ሰው ናቸው። ጠመንጃ ሁሉ አወረዱለት። አጭሩን ሲያነሳ ለኢላማ ያንሳል አለ። ባለ መነጽሩን ረጅም ሲያነሳ ጎተራ ውስጥ አይዞርም አለ። እያነሳ እያስቀመጠ ሽማግሌውን ምሳቸውን አስረሳቸው።

«ለመሆኑ ምን ልትመታበት ነው?» አሉት።

«ሁሉንም።»

ጋሽ ሙዘይን መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። «ይሄን ያህል ዘመን ጠመንጃ ስሸጥ ሁሉም የሚባል አውሬ አይቼ አላውቅም። ስንት እግር አለው?»

ደርበው ቀልድ መስሎት ሳቀ። ሽማግሌው ግን አንዷን መካከለኛ ጠመንጃ መዘው ማነጣጠሪያዋ ሥር ያለውን ትንሽ ብሎን አሳዩት። ይህ ብሎን ወደ አንድ ጎን ሲዞር ለቅርብ፣ ወደ ሌላው ሲዞር ለሩቅ ነው። ጠመንጃዋ ለአይጥም፣ ለቆቅም፣ ለጦጣም ትሆናለች፤ ነገር ግን በአንድ ጊዜ አይደለም። ለአንድ ሥራ ካስተካከልካት በኋላ ብሎኗን አትንካ፣ ሰውም አታስነካ አሉት። ደርበው ጠመንጃዋን ገዛ፤ ከዚህ ሁሉ ንግግር ይዞ የሄደው ግን የፊተኛውን ግማሽ ብቻ ነው።

ቤቱ እንደደረሰ ብሎኗን ለማንጎው አናት አስተካከለና አንድ ቅርንጫፍ ላይ ተኮሰ። ጦጣዎቹ ወንዙን ተሻግረው ጠፉ። ያን ዕለት ጠመንጃዋን ወደዳት፤ የሽማግሌውንም ቀልድ ለአንጓች እየሳቀ ነገራት። አንጓችን ከማማው ውረጂ አላት፤ ወንጭፏንም ጥጃ አሰረበት። እዚህ ላይ ቢቆም ኖሮ ይህ ታሪክ ባልተወራ።

አልቆመም። ለቅሶ ቤት ተቀምጦ ስለ ጠመንጃው፣ ገበያ ቆሞ ስለ ጠመንጃው ሆነ ወሬው። «ለሁሉም ትሆናለች» ይላል። እንዲህ ያለ ሰው ደግሞ ሲጠየቅ እምቢ የሚልበት አፍ የለውም። ጎረቤቱ አያ ከልካይ ለአይጥ ተዋሱና ብሎኗን ለቅርብ አዞሩ። የሚስቱ ወንድም ታፈረ ለቆቅ ወሰደና ለሩቅ አዞራት። ራሱ ደርበውም የንግሡ ማግስት ለቆርቆሮው አዞራት፤ አሸነፈና በጎረምሶች ትከሻ ተጨፈረለት። ሁሉም እያመሰገነ መለሳት። ብሎኗን ወደነበረችበት የመለሰ ግን አንድም የለም፤ ደርበውም አልመለሰም።

አንጓች አንድ ቀን ጠየቀችው። «አንተ ሰውዬ፣ ጠመንጃ ነው የገዛኸው ወይስ የእድር ድንኳን?»

ለወንጭፍሽ ቀንተሽ ነው ብሎ አኮረፋት።

ማንጎው መቅላት ሲጀምር ጦጣዎቹ ተመለሱ። ደርበው የመንጋው አውራ ከተቀመጠበት አጠገብ ወዳለው ቅርንጫፍ አነጣጥሮ ተኮሰ፤ ጥይቷ በላይ አለፈች። ደገመ፤ ግንዱን ከታች መታው። ሲሠልስ አንድ ማንጎ ከቅርንጫፉ ተበጥሶ መሬት ወደቀ። አውራው ጦጣ ወረደ፣ አሸተተው፣ ገመጠው፤ ከዚያ ቀና ብሎ ደርበውን ቀጣዩን አውርድልኝ በሚል ዓይነት አየው። ደርበው ብሎኗን ወደ ግራ አዞረ፣ ወደ ቀኝ አዞረ። የቱ ጋ እንደነበረች እንኳ ጠፍቶበታል። ጦጣዎቹም የሚጮኸው ነገር እንደማይነካቸው ሲገባቸው መሸሹን ተዉት። አንጓች ወንጭፏን ልታመጣ ሮጠች፤ ጥጃው አኝኮ በጣጥሶታል። በእጇ ድንጋይ ስትወረውር ዋለች፤ ግን የእጅ ድንጋይ ማንጎ አናት አይደርስም። ፀሐይ ስትጠልቅ ከዛፎቹ ሥር የቀረው ፍሬ ሳይሆን ልጣጭ ነበር።

በማግስቱ ጎረቤት ሊያጽናና መጣ። አያ ከልካይ የተጋጠውን እያዩ ከንፈራቸውን መጠጡ። «ኧረ ምን ዓይነት አውሬ ነው እንዲህ ያደረገው?»

አንጓች ደርበውን ቀደመችው። «ሁሉም ነው» አለች።

ሰዎቹ አልገባቸውም። ደርበው ግን አንገቱን ደፍቶ የአውሬውን እግር መቁጠር ጀመረ። የአያ ከልካይ ሁለት፣ የታፈረ ሁለት፣ የገዛ ራሱም ሁለት።

ያን ክረምት ቤቱ በሰው እህል ከረመ። ደርበው ብሎኗን ዳግመኛ ለማንጎው አናት አስተካከለና ሰም አቅልጦ አፈሰሰባት። የሚዋስ ሲመጣ «ለጦጣ ናት» ይላል። ለሌላስ ሲሉት «ለሌላ አትሆንም» ይላል። ቆንቋና የሚል ስም ወጣለት። አንጓች አዲስ ወንጭፍ ገምዳ ማማው ላይ ሰቀለች፤ በሚቀጥለው ዓመት ግን ለማውረድ ምክንያት አላገኘችም።

ለብዙ ነገር የሚሆን መሣሪያ መምረጥ ነውር የለበትም። የሚጠቅመው ግን አንድ ሥራ ሰጥተው ሲጸኑበት ነው። ሰውም እንደዚሁ ነው። ለኮሚቴው፣ ለዘመዱ፣ ለማኅበሩ፣ ለጠራው ሁሉ ራሱን ሲያዞር የሚውል ሰው አለ፤ የገዛ ቤቱ ሲጠራው ግን ኢላማውን ይስታል። ሰፈሩ ደግ ሰው ይለዋል። ሚስቱ ምን እንደምትለው ግን የጠየቃት የለም።

የእርስዎ ብሎን አሁን በማን ዓይን ልክ ነው ያለው? መልሱን ለራስዎ ያቆዩት። ታሪኩን ግን ለጎረቤት ያውሱ፤ እሱ ብሎን የለውም።