የሼህ ጦይብ የልጥ ገመድ

ከተማዋን በስም አልጠራትም። ከመስጊዷ ደጃፍ ቆሞ ለሚያይ ከታች የማሽላ ማሳ፣ ከላይ የዋንዛ ዛፎች የሚታዩባት የድሮ ከተማ ነበረች። በዳርቻዋ ሼህ ጦይብ የሚባሉ ሽማግሌ ይኖሩ ነበር። ቂርአት ያስቀራሉ፣ ቁርአን ያስተምራሉ፤ የሚበሉት ግን ከገዛ እርሻቸው ነው። ታሪኩን የነገረኝ አባቴ ነው። አባቴ ያላየውን ወይም ካመነው ሰው ያልሰማውን አያወራም ነበር።

ሼህ ጦይብ ሦስት ዓመት ሙሉ ቀፎ ሰቅለው ንብ አልገባላቸውም። ባለቤታቸውን ዘሐራን ክረምት በመጣ ቁጥር ሳል ያንገላታታል። አላህ በማር ውስጥ ፈውስ አድርጓል፤ ማር ደግሞ በዚያን ጊዜ ከገበያ ጠፍቶ ነበር። ስለዚህ ሼሁ በአራተኛው ዓመት ነሐሴ ሊያልቅ ሲል እንደገና ጀመሩ።

ቀፎውን ከሸምበቆ ሠሩ። ውጭውን በእበትና በአመድ መረጉት። ሲደርቅ ውስጡን በጠጅ ሳርና በወይራ ጭስ ሰባት ቀን አጠኑት። ከድሮ ቀፎ የቀረች አንዲት ቁራጭ ሰም ነበረቻቸው፤ እሷን አቅልጠው የቀፎውን አፍ ቀቡት።

ዘሐራ ደጃፍ ተቀምጣ ታያቸዋለች። «ሼሁ፣ በሠርጋችን ጊዜ እንኳ ለእኔ ይህን ያህል አላጠኑልኝም» አለቻቸው።

«አንቺ ገብተሽ ቀረሽ። እነዚህን ግን ማባበል ያስፈልጋል።»

ጎረቤታቸው ሙሄ አጥሩ ላይ ተደግፎ ይስቅባቸው ነበር። ደግ ሰው ነው፤ ግን ችኩል ነው። «ሼሁ፣ የሚጠብቁት ንብ ነው ወይስ ሙሽራ? እኔ እንደሆነ አንድ ቀን እሠራለሁ፣ በማግስቱ እሰቅላለሁ። ሪዝቄ፣ የተጻፈልኝ ሲሳይ ከሆነ ይገባል!»

«ኢንሻአላህ» አሉት ሼሁ።

በሁለቱ ማሳ ድንበር ላይ አንድ ትልቅ ዋንዛ አለ፤ የጋራቸው ነው። መስከረም ገብቶ መስኩ ሲያብብ ሙሄ ቀፎውን በታችኛው ቅርንጫፍ ላይ ሰቀለና ደርሶ መልሱ አራት ቀን ወደሚፈጅ ገበያ ሄደ። በማግስቱ ሐሙስ ሼሁ የራሳቸውን ከላይኛው ቅርንጫፍ ሊሰቅሉ ወጡ። ገመዳቸው የግራር ልጥ ነው። ውኃ ውስጥ ዘፍዝፈው፣ ፈትለው፣ ሁለት ቀን የደከሙበት ነው። ልጥ ሽታ የለውም፤ ንብ አይሸሸውም።

ዛፉ ላይ ሲወጡ የሙሄን ማሰሪያ አዩ። ያልለፋ የበሬ ቆዳ ጠፍር ነው፤ እንዲለሰልስ ሞራ ቀብቶታል። ገና ከሩቅ ይከረፋል። ጉንዳንም ሞራውን ተከትሎ ግንዱን መውጣት ጀምሯል። ንብ አያያዝ የሚያውቅ ሰው ይህን ሲያይ አይጠራጠርም፤ ወደዚያ ቀፎ አንድም ንብ አይገባም። ቢገባም ጉንዳኑ አያስቀምጠውም።

ሼሁ ወረዱ። ግንዱ ሥር ለረጅም ጊዜ ቆሙ።

«ምነው፣ አይሰቅሉም?» አለች ዘሐራ። ነገሯት።

እሷም፣ «ሲመለስ ይነግሩታል» አለች።

«የንቡ መንጋ የሚያልፈው በዚህ ሳምንት ነው። እሱ እስኪመለስ ያልፋል።»

«እርስዎ አላበላሹበት። እሱም አልጠየቀዎት።» ሳሏ ያዛት። ሼሁ ሳሉ እስኪለቃት ጠበቁ። ገመዱ አንድ ብቻ ነው፤ ለሙሄ ከሰጡት ምን እንደሚያጡ ያውቃሉ፤ እሷም ታውቃለች።

«ያለ ፈቃዱ ዕቃውን መንካቴ ነው የከበደኝ» አሉ በመጨረሻ። «እሱን ግን አውፍ በለኝ እለዋለሁ።»

ተመልሰው ወጡ። ጠፍሩን ፈትተው የሙሄን ቀፎ በራሳቸው ልጥ አሰሩት። ጠፍሩን አጥፈው ወደ ቤት አስገቡና ለባለቤቱ አማና፣ የአደራ ዕቃ፣ አድርገው አስቀመጡት። የራሳቸው ቀፎ መሬት ላይ ቀረ። ሌላ ልጥ ልጠው ዘፈዘፉ።

በማግስቱ ከጁምዓ ሰላት ተመልሰው አዲሱን ገመድ ሲፈትሉ ከወንዙ በኩል ድምፅ መጣ። መንጋው ነበር። ማሳውን አቋርጦ ዋንዛውን ሁለት ጊዜ ዞረ፤ ቅርንጫፍ ላይ እንደ ዘለላ ተንጠለጠለ። ከዚያ ቀስ እያለ ወደ ሙሄ ቀፎ ገባ። ሼሁ ግማሽ የተፈተለ ገመድ በእጃቸው ይዘው ቆመው አዩት።

ዘሐራ ከኋላቸው መጥታ ነበር። «የእርስዎ ቀፎ የት ነው ያለው?»

«መሬት ላይ።»

«ገመድዎስ?»

«ዛፍ ላይ።»

ሳቋን ልትይዘው ሞከረች፤ አልቻለችም። እስኪያስላት ሳቀች። ሼሁም ጢማቸውን ይዘው ሳቁ። ከዚያ እሷው ራሷ ዓይኗን በነጠላዋ ጠርጋ፣ «ጉንዳኑ ገና ግንዱ ላይ አለ። አመድ ላምጣልዎት?» አለች። ሁለቱ ሽማግሌዎች ዋንዛውን ዙሪያውን አመድ አለበሱት። ሙሄ እስኪመለስም ጠዋትና ማታ እየመጡ ጠበቁለት።

ሙሄ እሑድ ተመለሰ። ቀፎውን አይቶ እየጮኸ መጣ። «ሼሁ! እርስዎ አራት ዓመት አጠኑ፣ እኔ አንድ ቀን ሰቀልኩ፣ ገባልኝ! አላልኩዎትም?»

«ማሻአላህ፣ በረካ ያድርግልህ» አሉት። ምንም ሊነግሩት አልፈለጉም ነበር። ግን አማና ቤታቸው አለ። ገብተው ጠፍሩን አመጡ። «ይህ ያንተ ነው። ሳላስፈቅድህ ፈትቼዋለሁ። አውፍ በለኝ።»

ሙሄ ጠፍሩን አየ። አሸተተው። ቀና ብሎ ዋንዛውን አየ፤ ልጡን አወቀው፤ ሼሁ ሲፈትሉት በአጥሩ ላይ ሆኖ የሳቀበት ገመድ ነው። ፊቱ ተለወጠ። «ቀፎውን ይውሰዱት፣ ወሏሂ የእርስዎ ነው።»

«የገባው ቀፎህ ውስጥ ነው። ሐቅህ ነው።»

ሙሄ ጠፍሩን ይዞ ሄደ።

ኅዳር ላይ ማሩ ተቆረጠ። ሙሄ ልጆቹ ሳይቀምሱ የመጀመሪያውን የማር እንጀራ በቅጠል ሸፍኖ ለዘሐራ አመጣ። እሷ ስትቀምስ ሼሁን ጠየቃቸው። «ሁለት ወር አሰብኩት። እኔኮ ይምከሩኝ ብዬ አልጠየቅኩዎትም። እንዲያውም ስስቅብዎት ነበር። ዝም ቢሉ ማን ይወቅስዎ ነበር?»

ሼህ ጦይብ እንዲህ አሉት፦ «አንተ ባትጠይቀኝ አላህ ይጠይቀኛል።»

በቀጣዩ ዓመት ለሼሁ ንብ ገባላቸው የሚሉ አሉ። አልገባላቸውም የሚሉም አሉ። አባቴ አላወቀም፤ እኔም አልጨምርበትም። የሼሁ አጅር፣ ከአላህ ያለው ምንዳ፣ በቀፎው መሙላት አልነበረም።

እኛ ውሸት ካልተናገርን፣ የሰው ካልወሰድን ንጹሕ የሆንን ይመስለናል። የጎረቤታችንን ዘር ነቀዝ ሲበላው እናያለን፣ በሬውን ቀንበር ሲያቆስለው እናያለን። አልጠየቀንም ብለን እናልፋለን። ያወቅነው ነገር ግን የእኛ ብቻ አይደለም፤ አማና ነው። እኔም መስከረም በመጣ ቁጥር የራሴን ቀፎ ከመስቀሌ በፊት ዛፉ ላይ ወጥቼ መጀመሪያ የጎረቤቴን ማሰሪያ አያለሁ። ይህን ከአባቴ ወርሻለሁ፤ ልጆቼም እንዲወርሱት እፈልጋለሁ።