አኩርፏል የተባለው እባብ

ልንገራችሁ?

ንገረን!

ግማሹ ውሸት ቢሆንስ?

እኛ እንለየዋለን!

እንግዲያው ስሙኝ። ድሮ፣ የቤት ዕቃ ሁሉ አፍ በነበረው ዘመን፣ በአንድ ቆላ አገር አንጓች የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት ነበረች። አንጓች አንድ እባብ ነበራት። ባሏ ገና ጣት ሲያህል ከእርሻ አምጥቶ ያሳደገው ነው። የእባቡ ሥራ ከጎታው ሥር ተጠቅልሎ መተኛት ነበር። ጎታው ውስጥ የዘር ማሽላ አለ። እባቡ ከሥር ከተኛ አይጥ አይደርስም። አይጥ ካልደረሰ ዘር አለ። ዘር ካለ ለከርሞ መኖር አለ።

ታዲያ ዝናብ ሊገባ ሃያ ቀን ሲቀረው እባቡ መብላት ተወ።

አንጓች እንቁላል አቀረበችለት። አልበላም። ወተት አቀረበችለት። አልቀመሰም። በመጨረሻ ሥጋ በእጇ ይዛ «በሞቴ!» ብላ ወደ አፉ አስጠጋች። አፉን አዞረ።

በሞቴ ተብሎ የማይበላ፣ እናንተም እንደምታውቁት፣ ያው ያኮረፈ ሰው ነው።

«አያ እባብ፣ ምን አድርጌህ ነው?» አለችው።

«ምንም» አለ እባቡ።

«አኩርፈሃል?»

«አላኮረፍኩም እሜቴ። ቆዳዬ ጠቦኛል፤ ልጥለው ነው። ዓይኔም ደፍርሷል። ቆዳዬ እስኪወልቅ ምግብ አይወርድልኝም። ከጎታው ሥር ይተዉኝ፤ ሲወልቅ እበላለሁ።»

አንጓች ወደ ደጅ ወጥታ ለውሻውና ለአውራ ዶሮው ነገረቻቸው።

«ምን አድርጌህ ነው ስትይው ምን አለ?» አለ አውራ ዶሮው።

«ምንም አለኝ።»

«ወይ ጉድ! ምንም ካለማ ክፉኛ ተቀይሟል። እኔ ሚስቴ ‹ምንም አልሆንኩም› ያለችኝ ዕለት ከቆጥ ወርጄ ነው ያደርኩት። ደግሞ የሚስቴን እንቁላል አልበላም ማለቱ ንቀት ነው።»

«ሽማግሌ ይግባ!» አለ ውሻው።

እርቅ ደግሞ በጥግ አይሆንም። የተቀየመ ሰው ክብር ይፈልጋል። ስለዚህ እባቡን ከጎታው ሥር አንስተው መሃል ቤት ቁርበት አንጥፈው አስቀመጡት። ጎታው ብቻውን ቀረ።

በመጀመሪያው ቀን አውራ ዶሮው ገባ።

«አያ እባብ፣ ጎህ ሲቀድ ስጮህ እንቅልፍህን ነስቼህ ይሆናል። ይቅር በለኝ።»

«ጩኸትህን ልብ ብዬውም አላውቅም» አለ እባቡ፣ ሊያጽናናው ብሎ።

አውራ ዶሮው ሊያስታርቅ ገብቶ ራሱ ተቀይሞ ወጣ።

በሁለተኛው ቀን ውሻው በአንገቱ ድንጋይ ተሸክሞ ገባ።

«ጅራትህን ረግጬሃለሁ፤ ይቅር በለኝ።»

«መቼ?»

«አምና። ምን ላድርግ፣ አንተ ላይ ጅራቱ ከየት እንደሚጀምር ማን ያውቃል!»

«ይቅር ብዬሃለሁ። ድንጋዩን አውርደው፤ አንገትህን ይጎዳሃል።»

«እንግዲያው ብላ።»

«አልራበኝም።»

«አየህ? ይቅር አላልከኝም!» አለና ድንጋዩን እንደተሸከመ ቁጭ አለ።

ይህን ጊዜ ጎታው ከጥግ ሆኖ «እሜቴ፣ ከሥሬ የሚቦረቡረኝ አለ!» አለ። ማንም አልሰማውም። ሰው ሲታረቅ ጎታ ማን ያዳምጣል?

በሦስተኛው ቀን አባ አይጥ መጡ።

አባ አይጥ ጢማቸው የነጣ፣ አነጋገራቸው የረጋ፣ ሲቀመጡ እንኳ ቀስ ብለው የሚቀመጡ ናቸው። ውሻው ሲያያቸው ጆሮውን አቆመ። እሳቸው ግን ሳይደነግጡ እንዲህ አሉ።

«ልጆቼ፣ የእባብን ሆድ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። አባቴ ገብተውበታል። ሁለት አጎቶቼ ገብተውበታል። ቂም ግን የለኝም። ላስታርቅ ነው የመጣሁት።»

ሁሉም ተደነቁ። አባቱ ተበልቶበት ቂም የሌለው ሽማግሌ ከየት ይገኛል! ወዲያው የሽማግሌዎች ሰብሳቢ አደረጓቸው። እኔም ብኖር አደርጋቸው ነበር።

አባ አይጥ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ይህ ቅያሜ ሥር የሰደደ ነው» አሉ። «በችኮላ አይያዝም። ዛሬ እንስማው፤ ነገ እንመካከር፤ ከነገ ወዲያ ቀጠሮ እንያዝ። እስከዚያ ግን ከዚህ ቁርበት ንቅንቅ እንዳይል!»

«እሜቴ፣ ኧረ ቀለልኩ!» ብሎ ጎታው ጮኸ። «ልጆቻቸው ሆዴ ውስጥ ገብተዋል!»

«ዝም በል!» አለ አውራ ዶሮው። «ሽማግሌ ሲናገር ዕቃ አያቋርጥም!»

እባቡ ራሱን ቀና አደረገ። ዓይኑ እንደ አጓት ደፍርሷል።

«እሜቴ» አለ፣ «ሁሉም ለምን አትበላም ይሉኛል። እመልሳለሁ። መልሴን ግን የሚወስድ የለም። የሚፈልጉት ሌላ መልስ ነው መሰለኝ።»

አንጓች ሥጋውን እንደያዘች ቆመች። ባሏ የተቀበረ ሳምንት ትዝ አላት። ጎረቤቱ ሁሉ በየተራ እየገባ «በሞቴ፣ በሞቴ» ይላት ነበር። አልወርድ ብሎኛል ብትል «ብዪ እንጂ፣ ጨክነሻል» አሏት። ለእነሱ ስትል ዋጠች። ከዚያ ከቤቱ ጀርባ ሄዳ አስመለሰች። ማንም አላየም። ሲሄዱ ግን «ጎሽ፣ በላችልን» እያሉ ደስ ብሏቸው ነበር የሄዱት።

እጇን አወረደች።

«በቃ» አለች። «ሁላችሁም ውጡ። ወደ ቦታው እመልሰዋለሁ።»

አባ አይጥ ደነገጡ። እባቡ ወደ ጎታው ከተመለሰ ልጆቻቸው መውጫ የላቸውም።

«እንዴት ተደርጎ! እርቁ ሳይቋጭ ተሸምጋይ ከቦታው አይነሳም! ሥርዓት አለ እኮ!»

«እርስዎ ይቀመጡ አባቴ፤ እኔ ግን እመልሰዋለሁ» አለች አንጓች። እባቡን አቅፋ ከጎታው ሥር አስተኛችው። ከዚያ ውሻውንና አውራ ዶሮውን ይዛ ወጣች፤ በሩንም ገርበብ አደረገችው።

አባ አይጥ መውጣት ይችሉ ነበር። ግን ልጆቻቸው ጎታው ውስጥ ናቸው፤ ደግሞም ሰብሳቢ ናቸው። ስለዚህ ከእባቡ ፊት ለፊት ተቀምጠው ንግግራቸውን ቀጠሉ፣ ልጆቻቸው በቀዳዳው እስኪያመልጡ ሊያዘናጉት። ስለ ፍቅር ተናገሩ። ስለ መቻቻል ተናገሩ። እባቡ አፉን ከጎታው ሸካራ እግር ጋር ያሻል። ልጆቹ አንድ በአንድ ወጥተው ሄዱ። አባ አይጥን ግን ንግግሩ ጣፍጧቸው ነበር፤ ስለ ትዕግሥት ጀመሩ። የእባቡ ቆዳ ከከንፈሩ ተላቀቀ። ከራሱ ተላቀቀ። እንደ ካልሲ ተገልብጦ ወለቀ። ዓይኑ በራ።

«...እንግዲህ ልጄ» አሉ አባ አይጥ፣ «ይቅር ለእግዜር በል።»

«ይቅር ለእግዜር» አለ እባቡ፤ ዋጣቸውም።

እነ ውሻው ሲገቡ የእባቡ ወገብ አብጦ አገኙት።

«በላ!» አለ ውሻው።

«ታረቀ!» አለ አውራ ዶሮው። «ሽማግሌውስ የት ሄዱ?»

ውሻው የእባቡን ወገብ አየ፤ ነገሩ ገባው። «ለእርቅ ሲሉ ራሳቸውን ሰጡ!» አለ። ተላቀሱ። እንደሳቸው ያለ ሽማግሌ ዳግም አይገኝም ተባባሉ።

አንጓች አላለቀሰችም። ክንዷን ወደ ጎታው ሰደደች። እስከ ብብቷ ገባ እንጂ ማሽላ አልነካም። ጎንበስ ስትል ብቻ ጣቷ ደረሰበት። ከዘሩ የቀረው ግማሹ ነበር። ቀዳዳውን በጭቃ ደፈነች። በዚያ ክረምት የእርሻዋን ግማሽ ዘራች፤ ግማሹ አረም በቀለበት። ያን ዓመት በቀን አንዴ እየበላች ከረመች።

ክረምቱ አልፎ እባቡ ደግሞ ምግብ ተወ። ውሻው ድንጋይ ፍለጋ ተነሳ።

«ቁጭ በል» አለችው አንጓች።

«ምን አለሽ?»

«አልራበኝም አለኝ።»

«እና?»

«እና አልራበውም።»

ውሻው ይህን ለማሰብ ቀኑን ሙሉ ደጅ ላይ ተጋደመ።

ከዚህ የምንማረው፣ ሰው የነገረንን ትተን ያልነገረንን ስናስታርቅ፣ ጎታውን የሚጠብቅ እንደማይኖር ነው። እኔ ያየሁትን ጨረስኩ፤ ያላየሁትን ደግሞ እናንተ ጨምሩበት።