በክላክስ የተለወጠው ፍሬቻ

በእኛ አገር ሙሽራ ሲመረቅ፣ በምርቃቱ መካከል ስለ ሞተር ሳይክል አንዲት ነገር ጣል ትደረጋለች። እንግዳ ሰው ሲሰማት ሽማግሌው ዕድሜ ተጭኗቸው ነገር የተምታታባቸው ይመስለዋል። ሙሽራው ሞተር ኖሮት አያውቅም፤ ሙሽሪትም ሞተር ላይ ወጥታ አታውቅም። የአገሩ ሰው ግን “አሜን” ይላል። ለምን አሜን እንደሚል ልንገራችሁ።

የቁልቋል በር መንደሩ ቢያድግልኝ በሞተር ሰው እያመላለሰ የሚኖር ነበር። ማታ ከከተማ ሲመለስ ከመንደሩ በታች አንድ መገንጠያ አለ። ግራው በዙሪያ ተጠማዝዞ ወደ ቤቱ ያወጣል። ቀኙ ወደ ቆላ ይወርዳል፤ የቆላ ተሳፋሪ ከጫነ እዚያው ያድራል። ከመገንጠያው በኋላ ሁለቱንም መንገድ ባሕር ዛፍ ይውጣቸዋል። ስልክስ? ትሉኝ ይሆናል። ኔትወርኩ የሚያድረው ከተራራው ማዶ ነው።

ሚስቱ አንጓች ደግሞ እሱ ሳይመጣ እህል አትቀምስም። የእናቷም ልማድ ነው፣ የአያቷም። ቢመክራት፣ ቢለምናት፣ ቢቆጣት፣ “ብቻዬን ስበላ ያንቀኛል” ትላለች። ስታረግዝ ነገሩ ከፋ። እሱ ቆላ ባደረ ቁጥር እሷም ጦሟን ታድራለች፤ ከነልጇ።

ቢያድግልኝ ሲያስብ ሰነበተና አንድ ቀን፣

“እንግዲህ ስሚኝ” አላት። “ማታ ማታ ከበሩ ላይ ሆነሽ መገንጠያውን እዪ። ግራ ፍሬቻ ካበራሁ እየመጣሁ ነው፣ ጠብቂኝ። ቀኙን ካበራሁ ቆላ ማደሬ ነው፤ ብይና በሩን ዝጊ።”

“ቀኙን አይቼ ባልበላስ?”

“እያየሁሽ ነው የማበራው።”

ከዚያ ርቀት፣ በዚያ ሰዓት፣ እንኳን እሷን ቤቱንም አያይም። እሷም ይህን ታውቃለች። ግን ቀኙ በበራ ማታ በላች።

የቢያድግልኝ ግራ፣ ፊት ለፊት ለቆመችው ለእሷ በቀኝ በኩል ነው የሚታያት። ባልና ሚስት እንዲህ ያለውን ነገር ቶሎ ይለምዱታል።

መንገዱ ላይ ከፊትም ከኋላም መኪና የለም። ሞተሩ መገንጠያው ላይ ቆም ይላል፤ ቢጫዋ መብራት ጥቅስ ጥቅስ ትላለች፤ ከዚያ ይታጠፋል። ከእርሻ የሚመለስ ሰው ሁሉ ይስቅበት ነበር።

በአንድ የገበያ ቀን፣ ሞተሩን ካቆመበት ቦታ በሬ መጥቶ አንገቱን ሲያክበት፣ የግራው የፊት ፍሬቻ ተሰብሮ በሽቦው ተንጠለጠለ። ቢያድግልኝ ወደ መካኒኩ ወደ ጌጡ ወሰደው። ጌጡ ማብሪያውን ነካ ሲያደርግ የኋላው ፍሬቻ ብቻውን ቶሎ ቶሎ ይጠቅስ ጀመር።

“ጓደኛው ሲሞትበት እንዲህ ይጣደፋል” አለ ጌጡ። “የኋላው ደኅና ነው። የፊቱ ምን ያደርግልሃል? እዚህ አገር ትራፊክ ፖሊስ የሚመጣው ለለቅሶ ነው።”

ጌጡ በር ላይ አንድ አግዳሚ ወንበር አለ። ሞተር የሌላቸው ሰዎች ስለ ሞተር የሚያወሩበት ነው። ከእነሱ አንዱ፣ የቢያድግልኝ ጎረቤት ሽታሁን፣ አፉን በጋቢው ከልሎ፣

“ተው ሥራለት፤ መገንጠያው ላይ አህዮች ይጠብቁታል” አለ።

“አህያዋ ቅድሚያ ካልሰጠችው ይቀየማል” አለ ሌላው።

“ለሚስቴ ነው” ቢል ነገሩ ያልቅ ነበር። ግን “ሚስቴ ትጠብቀኛለች” ብሎ ከዚያ ወንበር ፊት በሰላም የተመለሰ ወንድ አልታየም። ቢያድግልኝ አብሯቸው ሳቀ።

ጌጡ ሳቁን አይቶ፣ ከጥግ ከአሮጌ የጭነት መኪና የተፈታ ክላክስ አወጣ።

“ስማኝ ቢያድጌ። አንድ ዓይና ሆነህ ከምትዞር፣ ደኅናውን የቀኙን ስጠኝ፤ ለሌላ ሞተር እፈልገዋለሁ። በምትኩ ይህን ልግጠምልህ። አህያም ቢሆን ሰውም ቢሆን ሰምቶ ይሸሻል።”

አስጮኸው። የአግዳሚው ወንበር ሰው በሙሉ ብድግ አለ። ቢያድግልኝ የወንድ ነገር መሰለውና ተስማማ።

ማታ መገንጠያው ጋ ሲደርስ እጁ በልማድ ማብሪያውን ነካ። የኋላው ለባዶው መንገድ ጠቀሰ፤ ከፊት የበራ ነገር የለም። ያን ጊዜ ትዝ አለው። “ምናለ፣ ክላክሱን ትሰማለች” አለና በረጅሙ አስጩኾ ወደ ግራ ታጠፈ።

አንጓች በሩ ላይ ነበረች፤ መውለጃዋ ደርሷል። መብራቱ ከመገንጠያው ደረሰ። ግራ የለ፣ ቀኝ የለ። ወዲያው የጭነት መኪና ክላክስ ጮኸ። መብራቱም ጠፋ።

“ገጨው!” ብላ ባትሪ ይዛ በእግር መንገዱ ቁልቁል ወረደች። ጩኸቷን የሰማ ጎረቤት ተከተላት፤ የጎረቤቱን ጩኸት የሰማ ደግሞ እሱን ተከተለ። እትዬ ዝማም ሬሳ ሳያዩ ሙሾውን ጀምረዋል። የእድሩ ጥሩምባ ነፊ አንዴ ነፍቶ ለሁለተኛው ትንፋሽ ይሰበስባል።

ቢያድግልኝ በዙሪያው መንገድ ቤቱ ሲደርስ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። መሶቡ እንደተከደነ ነው። አንጓች የለችም። ከታች ለቅሶ ይሰማል። ወሯን አሰበ። እየወደቀ እየተነሣ በእግር መንገዱ ወርዶ፣ ከሕዝቡ ኋላ ሲደርስ የአንዱን ጋቢ ጨምድዶ ያዘ። ሽታሁን ነበር።

“ማን ሞተ?”

ሽታሁን ዓይኑን ሸፍኖ እየተንሰቀሰቀ፣ “ቢያድግልኝ” አለው። “መኪና ገጭቶት። ዛሬ እንኳ ስንስቅበት ነበር የዋልነው።”

“እኔን!” አለ ቢያድግልኝ።

ሽታሁን ቀና ብሎ አየው። ጋቢውን በቢያድግልኝ እጅ ላይ ጥሎ ወደ ኋላ አፈገፈገ።

አንጓች መገንጠያው ላይ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ፣ በአንድ እጇ ሆዷን ደግፋ፣ በሌላው እጇ መሬቱን በባትሪ ታበራለች። ምን እንደምትፈልግ ሊጠይቃት የደፈረ አልነበረም።

“አንጓች!”

ብርሃኑን ወደ ፊቱ አዞረችው። ከራሱ እስከ እግሩ፣ ከእግሩ እስከ ራሱ አየችውና፣

“ፍሬቻህስ?” አለችው።

“ለወጥኩት።”

“በምን?”

“በክላክስ።”

“እኔን በክላክስ?”

ሕዝቡ የገባው ነገር የለም። የእድሩ ዳኛ አያ ፈንታ፣ “የምን ፍሬቻ ነው? እኛኮ ሬሳ ልናነሣ ነው የወጣነው” አሉ።

ቢያድግልኝ በሰው ሁሉ ፊት፣ ግራው ምን እንደሆነ፣ ቀኙ ምን እንደሆነ ተናገረ። ጦሟን ያደረችበትንም፣ የበላችበትንም። ሲጨርስ የሳቀ አልነበረም። እትዬ ዝማም ብቻ ዞር ብለው ባላቸውን አዩ። ባላቸውም ባሕር ዛፉን አየ።

በማግስቱ፣ ወደ ማታ ላይ፣ ጌጡ ዕቃውን ይዞ ሳይጠራ መጣ። አግዳሚው ወንበርም ከነሰዎቹ የመጣ ያህል ነበር። እዚያው መገንጠያው ላይ ክላክሱን ፈታ። የቀኙን ፍሬቻ ወደ ቦታው መለሰ። የግራውን ሽቦ ልጦ ቀጠለና በናስትሮ ጠቀለለው። ሶኬቱን በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈገ። አምፖሉን ጆሮው ሥር ነቀነቀና “በሕይወት አለ” አለ። ለተሰበረው ሽፋን ከቢጫ የዘይት ጀሪካን ቆርጦ ገጠመለት።

“ትንሽ ወደ ላይ ቀና አድርገው” አለ ሽታሁን። “ቤቷ ከፍ ያለ ነው።”

ጌጡ ቀና አደረገው። ቢያድግልኝ ማብሪያውን ወደ ግራ ገፋ። ቢጫዋ ብርሃን ጥቅስ ጥቅስ አለች፤ ሳትጣደፍ። ሁሉም ወደ ተራራው አንጋጠጠ። ጥቂት ቆይቶ፣ ከላይ ከበሩ ላይ የባትሪ ብርሃን ብልጭ አለ፤ ጠፋ፤ ደግሞ ብልጭ አለ። እንዲህ እንድትመልስ የነገራት ሰው አልነበረም።

ቢያድግልኝ መሪውን ይዞ ቀረ።

ጌጡ ጎንበስ ብሎ የሞተሩን ፊት ሲያይ፣ “የፊት መብራትህም ደብዝዟል እኮ! እኔ ብሆን ከፍሬቻው በፊት እሱን ነበር የማሠራው” አለ።

አያ ፈንታ ዓይናቸውን ከዚያች ከላይኛዋ ብርሃን ሳይነቅሉ፣ “እሱ ይደርሳል፣ ልጄ፤ መብራት ለሂያጅ፣ ፍሬቻ ለወዳጅ” አሉት።