ጠበቅ ያለችው «በ»

በአንድ ወቅት፣ ዘፈኑ የተዋጣለት ሰው ትከሻው ላይ ካባ በሚደረብበት ከተማ፣ ገረመው የሚባል ዘፋኝ ነበረ። ድምፁ ባስ ባሪቶን የሚሉት፣ ወፍራሙ ዓይነት ነው። ሲዘፍን ቀድሞ የሚሰማው ጆሮ ሳይሆን የተቀመጡበት ወንበር ነው፤ ከታች ይነዝራል። ሰውየው ውጭ አገር አድጎ ኦፔራም እዚያው ተምሮ ነው የመጣው። የአማርኛ ፊደል አሳምሮ ያነባል፤ የቱ እንደሚጠብቅ፣ የቱ እንደሚላላ ግን ግራ ይገባዋል። «ምሳ በላህ?» ሲሉት «ገና» ይላል፤ ሲናገራት ግን በዓሉ ትሆንበታለች።

በዚያች ከተማ ደግሞ አቶ ዘለቀ የሚባሉ ሀያሲ አሉ። ሰው ከኋላቸው «ኮምጣጤ» ይላቸዋል። ገረመውን መጀመሪያ የሰሙት ጊዜ ጋዜጣ ላይ ምን ብለው ቢጽፉ ጥሩ ነው? «በርሜል ነው። ትልቅ ነው፣ ይጮሃል፣ ውስጡ ባዶ ነው።» ገረመው ጋዜጣውን አጣጥፎ ኪሱ ከተተው። ሁለተኛ እንዲህ ከተባለ ሻንጣውን ይዞ እንደሚሄድ ለማንም አልደበቀም።

ቀጥሎ ጋሽ ጥላዬ አዲስ ኦፔራ ጻፈ፤ ግጥሙንም ዜማውንም የደረሰው እሱ፣ ኦርኬስትራውን የሚመራውም እሱ። ታሪኩ መጨረሻ ላይ ጦርነት ውስጥ የሚሞት ንጉሥ ነው። ከጦርነቱ በፊት ንጉሡ ደረቱን ነፍቶ «አንበሳ ይበላል» እያለ ሦስት ጊዜ ይፎክራል፤ አንበሳ የሚለው ራሱን ነው። ተቀባዮቹ በየተራው «ይበላል» እያሉ ይመልሱለታል። እንግዲህ «በ» ስትላላ አንበሳው በላተኛ ነው። ስትጠብቅ ደግሞ አንበሳው ራሱ ምሳ ነው። ወረቀት ላይ ሁለቱም አንድ ናቸው።

ለገረመው አማርኛውን የምታስጠናው ከተቀባዮቹ አንዷ፣ ምንታምር ናት። ገና አስራ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ሰው ካላታለለች ግን ምሳ አይወርድላትም። ባለፈው የከበሮ መቺውን ቀኝ ጫማ ሰርቃ በቦታው ሌላ ግራ ጫማ አስቀምጣለት፣ ሰውየው እስከ ታክሲው ድረስ እንደ ዳክዬ ነው የሄደው።

ገረመው በልምምድ ጊዜ ፉከራውን በትክክል፣ አላልቶ ነበር የሚዘፍነው። በዋናው ቀን መድረክ ሊወጣ ሲል ግን ጥርጣሬ ገባው።

«አስተማሪዬ፣ ይቺ ‹በ› ትጠብቃለች ወይስ ትላላለች?»

ምንታምር ዐይኗን እንኳን አላርገበገበችም። «ትጠብቃለች እንጂ ጋሼ። ንጉሥ አይደል? ንጉሥ ምን ያላላል።»

የፈለገችው ሳቅ ነው። ሰዉ ይስቃል፣ እሱም ይስቃል፣ እሷ ዓመቱን ሙሉ ታወራዋለች። በቃ።

መጋረጃው ተከፈተ። ገረመው ደረቱን ነፋና «አንበሳ ይበላል» አለ፤ «በ» ጥብቅ ብላ ወጣች። ከኋላ አንድ ሰውዬ ፍርፍር ብሎ ሳቀ። ተቀባዮቹ እንደ ልማዳቸው አላልተው መለሱ። ምንታምር ግን ዐይኗ ፊት ወንበር ላይ አረፈ፤ አቶ ዘለቀ እስክሪብቶ ይዘው ቁጭ ብለዋል። ይመጣሉ ብሎ የነገራት የለም። የገረመውን ሻንጣ በገዛ እጇ እያሸከመችው እንደሆነ ያኔ ገባት።

ገረመው የእሱና የተቀባዮቹ ቃል አንድ እንዳልሆነ ጆሮው ነገረው፤ ዘፋኝ ነዋ። ዞሮ ምንታምርን አያት። ፊቷ የቀረውን ነገረው። ሁለተኛው ተራ እየመጣ ነው፤ ማረም ይችላል። እሱ ግን ዘውዱን አወለቀና እንደ ሳህን በሁለት እጁ ያዘው። ድምፁን እስከ መጨረሻው ወደ ታች ለቀቀው፤ «በ»ን ከፊተኛው የባሰ አጥብቆ፣ «አንበሳ ይበላል» አለ። ያ የሳቀው ሰውዬ ሳቁን ትቶ ተስተካክሎ ተቀመጠ።

ጋሽ ጥላዬ ደግሞ ሦስተኛው ላይ ከበሮው እንዲነጉድ ነበር የጻፈው። አሁን መዳፉን ዘርግቶ ከበሮውን ዝም አሰኘው። ወደ ተቀባዮቹ ዞሮ ጡጫውን ጨበጠ፤ አጥብቁ ማለቱ ነው። ገረመው ለሦስተኛ ጊዜ ሲል፣ ያ ሁሉ ተቀባይ በሹክሹክታ፣ አጥብቆ «ይበላል» አለ። የገዛ ሰዎቹ ናቸው እንግዲህ ትበላለህ የሚሉት። ምንታምር ክንዷን ብታየው ጸጉሩ ቀጥ ብሎ ቆሟል።

በነጋታው ጋዜጣውን በአንድ ዐይኗ ነው የከፈተችው። አቶ ዘለቀ እንዲህ ብለዋል፦ «በርሜሉ ውስጥ ሰው አገኘሁ። የሚፎክር ንጉሥ ብዙ ሰምቻለሁ፤ ሞቱን እያወቀ የሚፎክር ግን ገና ትናንት ሰማሁ። ያቺን ‹በ› ላጠበቃት ሰው ካባ ይገባዋል፤ እኔው እደርብለታለሁ።»

ምንታምር ደግማ አነበበችው። ኮምጣጤ? ማር የሆነው መቼ ነው?

እሁድ ሕዝቡ ተሰበሰበ። አቶ ዘለቀ ካባውን ክንዳቸው ላይ አድርገው ወደ ገረመው ሲራመዱ፣ ሰውየው እጁን አነሳ።

«ሳልዋሽ ልልበሰው። መጀመሪያ ተታልዬ ነው የዘፈንኩት፤ ያሳሳተችኝ እቺ ልጅ ናት። ሁለተኛውን ግን አውቄ ነው የዘፈንኩት። በመጀመሪያው ብቀር ኖሮ ዛሬ የምታወሩት ስለ በርሜል ነበር።»

አዳራሹ በሙሉ ወደ ምንታምር ዞረ። ከበሮ መቺው ጫማውን ወደ ወንበሩ ስር ሳብ አደረገ።

«ላስቅ ብዬ ነው» አለች ምንታምር፤ ጆሮዋ ቀልቷል። ከዚያ ካባውን አየችው፤ ጥልፉ ወርቅ ነው። «ግን እኔ ባልዋሸው፣ አንበሳው ዛሬም ጠግቦ ያድር ነበር።»

ይሄኔ ጋሽ ጥላዬ ጉሮሮውን ጠረገ። «ስጽፈው ሁለቱንም አስቤ ነው። ንጉሡ መጨረሻ ላይ ይሞት የለ? ሰሙን ዘፈናችሁት፤ ወርቁን እስክታገኙት ነበር የምጠብቀው። ስታገኙትም ከበሮ እንዳይሸፍነው ዝም ያሰኘሁት እኔ ነኝ።»

«ታዲያ በልምምድ ለምን አልነገርከንም?» አለው ከበሮ መቺው።

«ወርቅ ይነገራል እንዴ?»

እውነቱን ይሁን፣ ካባው አምሮት ይሁን፣ ከእሱ በቀር የሚያውቅ የለም። አዳራሹ ተንጫጫ። አቶ ዘለቀ ወደ ገረመው አንድ እርምጃ ሄዱ፣ ወደ ምንታምር ዞሩ፣ ጋሽ ጥላዬን አዩ። ካባው አንድ ነው፤ ትከሻው ሦስት ነው፤ የእሳቸውም ክንድ እየዛለ ነው።

እስቲ እናንተ ፍረዱ፦ ያቺን «በ» ያጠበቃት፣ ዋሽታ ያሳሳተችው ናት፣ እያወቀ የደገመው ነው፣ ወይስ ጽፎ ዝም ያለው? ካባው ለማን ይደረብ?