አንድ ስም ብቻ የሚችል ዋንጫ

በአንድ ወቅት፣ ተራራ በሩጫ በሚዞርበት አገር፣ ሰይፈ የሚባል ሯጭ ነበር። ሲሮጥ ጥላው የሚደርስበት በማግስቱ ነበር፤ ያስነሳው አቧራ ዛሬም አልረጋም ይላሉ። ተራራውን ዞሮ አንደኛ ገባና የብር ዋንጫ ተሸለመ፤ ስሙም ተቀረጸበት። ከዚያ ወዲያ አልቀናውም። በሽታ ከወገቡ በታች ያለውን ወሰደበት፤ ሩጫውን ያዩ ሰዎችም አንድ በአንድ አፈር ገቡ። የመንደሩ ጎረምሶች ይሄ ሽማግሌ ከአልጋው እስከ በሩስ ሮጦ ያውቃል ወይ እያሉ ይሳለቁበት ጀመር።

በዚያ አገር ሰው ሲሞት ማንነቱ የሚታወቀው ለቅሶው ላይ በሚደረደረው ዕቃ ነው። ለሰይፈ የቀረው ተስፋ ይኸው ብቻ ነበር። አንድ ቀን ዋንጫውን አስቀርቦ ቢያየው ግን ስሙ የለም። ሚስቱ ተዋበች በየዓመት በዓሉ በአመድ ስትፈገፍገው ስሙን ከብሩ ጋር ጠርጋ ጨርሳዋለች። ዋንጫው ከመሳሳቱ የተነሳ ዝንብ ሲያርፍበት ይጎብጣል።

አንጥረኛ ተጠርቶ መጣና በጣቱ ዳሰሰው። «አንድ ስም ይችላል» አለ። «ሁለተኛ ከጻፍኩበት ይበሳል።»

«የኔን ነዋ» አለ ሰይፈ። «ሳንባዬ ባፌ እስኪወጣ የሮጥኩት እኔ።»

ያኔ ታናሽ ወንድሙ ገላዬ ከበሩ ጥግ ተነሳ። በዚያ ሩጫ ሁለተኛ የገባው እሱ ነበር፤ እስከዚያች ቀን ግን ስለ ሩጫው ትንፍሽ ብሎ አያውቅም።

«ጋሼ፣ እግሬን ይዤልህ ነበር» አለ። «ታላቄን በሰው ፊት ቀድሜ የት እገባለሁ ብዬ።»

የሰይፈ የሞቱት እግሮቹ እንደገና ሞቱ። «ምነው ታዲያ ዛሬ ነገርከኝ?»

«እኔም እሞታለሁ፣ ጋሼ። ለቅሶዬ ላይ የሚቀመጥ ምን አለኝ?»

ይህን ጊዜ ተዋበች እጆቿን ዘረጋች። ድሮ ቤታቸው ሲቃጠል፣ ነበልባሉ ጨረቃን ሲያጠቁራት፣ ከብቱንም ሳጥኑንም ትታ እሳት ውስጥ ገብታ ያወጣችው ያንን ዋንጫ ነው። ጣቶቿ ተኮማትረው ቀሩ። በነዚያው ጣቶች ነው ዕድሜ ልኳን ስትፈገፍገው የኖረችው።

«የእናንተ ሩጫ አንድ ረፋድ ነበር» አለች። «የኔ ገና አላለቀም። ለኔስ ለቅሶ ምን ሊደረደር ነው? አመዱ?»

አንጥረኛው መቅረጫውን አንስቶ ይጠብቃል። ሰይፈ ያን ረፋድ ለማስታወስ ዓይኑን ጨፈነ፤ ከኋላው ይሰማው የነበረው ኮቴ የዘገየው ደክሞት ይሁን አክብሮት ሊለየው አልቻለም።

እንግዲህ ዳኞቹ እናንተ ናችሁ፤ አንጥረኛው የማንን ስም ይጻፍ? አንደኛ የገባውን፣ እግሩን የያዘውን ወይስ እጇን ያቃጠለችውን?